የእሑድ ሃይማኖትና የሰኞ ሥራ



በየዓመቱ በዚህች መጽሔት ላይ ተማሪዎች ስለ ትምህርት ጥቅም፤ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ አገር ፍቅር ይጽፋሉ። እኔም ይህ ዓመት የመጨረሻዬ ስለ ሆነ፤ ከዚህ ግቢ ከመውጣቴ በፊት ብዙ ጊዜ በልቤ ሳመላልሰው የቆየሁትን ነገር ለመጻፍ ተነሣሁ። ይኸውም፤ ሃይማኖት አለኝ የሚል ወጣት ሃይማኖቱ የሚታየው የት ላይ ነው? በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነውን? ወይስ በክፍል ውስጥ፤ በጓደኝነትና ነገ በሚይዘው ሥራ ላይም ጭምር ነው? የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ነገር ለመናገር ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን በራሴ ላይ የደረሰውን ብናገር የሚቀየመኝ ሰው የለም ብዬ አምናለሁ፤ ጥፋቱ የራሴ ነውና።

በሰፈራችን ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ከገባሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። እሑድ እሑድ ነጭ ልብሴን ለብሼ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ከመዘምራን ጋር እቆማለሁ፤ ከበሮም እመታለሁ። የሁዳዴን ጾም ኀምሳ አምስቱንም ቀን እጾማለሁ። የሰፈራችን እናቶችም እኔን እያሳዩ ልጆቻቸውን «እንደ እርሱ ሁኑ» ይሏቸው ነበር። እኔም ይህን እየሰማሁ ሃይማኖቴ የሞላ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት 11ኛ ክፍል ሳለሁ፤ በጥር ወር የመንፈቀ ዓመቱ የሒሳብ ፈተና ሊሰጠን ዋዜማው ማታ በስልኬ አንድ ፎቶግራፍ ደረሰኝ። ሳየው የፈተናው ጥያቄ ከነመልሱ ነበር። ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አላውቅም። መጽሐፌ በፊቴ ተዘርግቶ ነበር፤ ለማጥናትም ጊዜ ነበረኝ። ነገር ግን «ሌላው ሁሉ ካየው እኔ ብቻ ብተወው ሞኝነት ነው» አልሁ። ከዚያም «እግዚአብሔር ድካሜን አይቶ ያሳየኝ ቢሆንስ?» አልሁ። ይህን ሁለተኛውን ቃል ዛሬ ሳስበው እጅግ ያሳፍረኛል፤ ስርቆቴን የአምላክ ስጦታ አድርጌው ነበርና። በማግሥቱም የፈተናው ወረቀት ሲታደል አማተብሁና በቃሌ የያዝሁትን መልስ ጻፍሁ።

በክፍል ውስጥ አብሮኝ በአንድ ወንበር የሚቀመጠው ጓደኛዬ ሙስሊም ነው። ስለ ሃይማኖቱ አንድ ቀን እንኳ ሰብኮኝ አያውቅም። በዚያ ጧት ፎቶግራፉን ላሳየው ስልኬን ባወጣ ፊቱን አዞረና «ተወኝ፤ የማውቀውን ልሥራበት፤ አላህ ያያል» አለኝ። ከዚህ በቀር ምንም አልተናገረም። ውጤቱ በመጣ ጊዜ እኔ 94 አገኘሁ፤ እርሱ 68 አገኘ። መምህራችንም ወረቀቱን ሲመልሱለት «ከአጠገብህ ካለው ለምን አትማርም? እርሱ ሲያጠና አንተ ትተኛለህን?» ብለው በክፍሉ ሁሉ ፊት ገሠጹት። ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ እንጂ አንዲት ቃል አልመለሰም። እኔም ዝም አልሁ። በዚያችው ሳምንት እሑድ እንደ ልማዴ ነጭ ልብሴን ለብሼ ከመዘምራን ፊት ቆምሁ።

ከዚያ በኋላ ከበሮው አልጥም አለኝ። ሁዳዴ በገባ ጊዜ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸውና «አባ፤ ስግደት ይስጡኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ስግደቱንስ እሰጥሃለሁ፤ እርሱ ቀላል ነው። ግን ልጄ፤ የሰረቅኸው ከእኔ ነውን? የወሰድኸውን ለባለቤቱ መልስ፤ በአንተ ምክንያት የተነቀፈውንም ልጅ ይቅርታ ጠይቀው። ከዚያ በኋላ ና» አሉኝ። እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስግደቱን እየሰገድሁ ወደ መምህሬ ሳልሄድ ቆየሁ። ለእግዚአብሔር መቶ ጊዜ መስገድ ለሰው አንድ ጊዜ «በድያለሁ» ከማለት እንደሚቀል ያን ጊዜ ተረዳሁ።

በመጨረሻ አስቀድሜ ጓደኛዬን ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም «ያስቀየመኝ መልሱን ማየትህ አይደለም፤ እኔ ስሰደብ ዝም ማለትህ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ወደ መምህራችን ሄጄ ተናገርሁ። እርሳቸውም በሰው ፊት አላዋረዱኝም፤ ነገር ግን 94ቱን ሰርዘው ዜሮ ጻፉ፤ ጓደኛዬንም በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቁት። ከክፍላችን 4ኛ የነበርሁት 23ኛ ሆንሁ። አባቴ ካርዱን ባየ ጊዜ ሁለት ቀን አላነጋገረኝም። በሦስተኛው ቀን እራት ላይ ሳለን «ስንተኛ እንደ ወጣህ ለሰው አልናገርም፤ ለምን እንደ ወረድህ ግን እናገራለሁ» አለኝ። ያን ፎቶግራፍ ያዩት ሌሎች ተማሪዎች ውጤታቸውን እንደ ያዙ ቀርተዋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ይቆረቁረኛል። ይሁን እንጂ የተሰረዘብኝን ውጤት መልሼ ልውሰድ ብባል አልወስደውም።

እንግዲህ ከዚህ ነገር የተማርሁትን በሦስት ከፍዬ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ትምህርትና ስለ ፈተና ነው። ፈተና በደረሰ ቁጥር ብዙዎቻችን እንሳላለን፤ «ካለፍሁ ሻማ አገባለሁ፤ ጃንጥላ አገባለሁ» እንላለን። ስለት መሳል ክፉ አይደለም፤ እናቶቻችን ያወረሱን ልማድ ነው። ነገር ግን ስለቱ በጥናት ፈንታ የሚቆም ከሆነ፤ ይልቁንም የተሰረቀ መልስ ይዘን የምንሳል ከሆነ፤ እግዚአብሔርን የጥፋታችን ተካፋይ ልናደርገው መፈለጋችን ነው። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ትምህርት አልገባው ብሎ፤ የመምህሩን የአጎቱን የጌዴዎንን ቅጣት ሸሽቶ ሲሄድ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ትሉ ደጋግሞ እየወደቀ ከዛፉ ላይ ሲወጣ አየ ይባላል። ይህን ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ ስለ ትሉ ብቻ እናወራለን። እኔ ግን ከዚያ የሚቀጥለው ይበልጥብኛል፤ ያሬድ ተነሥቶ ወደዚያው ወደ ሸሸው መምህር ተመለሰ፤ ይቅርታም ጠይቆ ትምህርቱን ቀጠለ። ጸሎቱ ከመጽሐፉ አላስቀረውም።

ስርቆቱ የሚጐዳው ሰራቂውን ብቻ እንዳይመስለን። በ2008 ዓ.ም. አገር አቀፉ የመልቀቂያ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ምክንያት ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ ሆነ። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናውና ምንም ያላየው ተማሪም ከሌላው ጋር እኩል ተቀጣ። የ2014 ዓ.ም. ፈተናም ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው እንዲፈተኑ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ጠርቶ የታየው እውነት ግን ለሁላችንም መራራ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ጓደኝነት ነው። ጌታችን መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው የተቀየመው ወንድም እንዳለ ቢያስብ፤ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ አስተምሯል። እኛ ግን የተጣላነውን ጓደኛ በአንድ ግቢ ውስጥ እያየን፤ በአጠገቡ ዝም ብለን እያለፍን እናስቀድሳለን። ደግሞም በዚህ ዕድሜያችን ልብ መውደድ ይጀምራል፤ መውደድም ነውር አይደለም። ነውሩ፤ አንዲት እኅታችን አምና የጻፈችልንን ቃል ወይም የላከችልንን ፎቶግራፍ በስልክ ለጓደኞቻችን እያዞርን መሳቅ ነው። በቤተ ክርስቲያን እኅቴ ያልናትን በትምህርት ቤት መሳቂያ ካደረግናት፤ እኅትነቱ ከአፍ አላለፈም ማለት ነው። እንዲሁም የሃይማኖት ልዩነት ለክርክር ብቻ መነሻ ሊሆን አይገባም። እኔን ስለ እግዚአብሔር ፍርሃት ያስተማረኝ፤ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጥ የሌላ ሃይማኖት ልጅ ነው። ይህን በመናገሬ ሃይማኖቴ አይጐድልም።

ሦስተኛ፤ ስለ ወደፊት ሥራችን ነው። «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ተብለን ስንጠየቅ ሐኪም፤ መሐንዲስ፤ አውሮፕላን አብራሪ እንላለን። «ለምን?» ቢሉን የብዙዎቻችን መልስ ደመወዙ ነው። እንጀራ መፈለግ ኀጢአት ነው አልልም። እናቴ ከጧት እስከ ማታ ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጠች ስላሳደገችኝ የገንዘብን ችግር በመጽሐፍ አላነበብሁትም። ነገር ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል እየሰማን አድገናል። ዛሬ አንድ ፈተና ለመስረቅ ያልፈራ እጅ፤ ነገ የመድኃኒት ቤት ቁልፍ ወይም የድልድይ ሥራ ገንዘብ ቢሰጠው ምን ያደርጋል?

ከዚህ የተለየ መንገድ ያሳዩንም አሉ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሲሄዱ፤ በረኀብ ምክንያት የሚሞተውን ሕዝብ አዩ። የሞተች እናቷን ጡት ትጠባ የነበረችን ሕፃን ጨምሮ ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥም ልጆቹ 21 ደረሱ። ስለዚህም የነበራቸውን የተደላደለ ኑሮና ትዳር እስከ መተው ደርሰው፤ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በብዙ ሺህ ለሚቈጠሩ ሕፃናት እናት ሆኑ። ለመሳለም የሄዱት ግሸን ነበር፤ ሃይማኖታቸው የተፈተነው ግን በመንገድ ላይ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼም በ1950ዎቹ ማንበብና መጻፍ ሳይችሉ በወሊድ ምክንያት በደረሰባቸው የፊስቱላ ሕመም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዶክተር ሐምሊንና በባለቤታቸው በዶክተር ካትሪን እጅ ታከሙ። ከዳኑም በኋላ እዚያው ቀርተው አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው ቀዶ ሕክምናን በሥራ ላይ ተማሩ፤ እንደ እርሳቸው የታመሙትንም ሴቶች የሚያክሙ ሆኑ። ለእርሳቸው ሥራ ማለት የተቀበሉትን ምሕረት ለሌላው መመለስ ነበር።

እኔ ራሴ አባቴ መሐንዲስ እንድሆን ይመኛል። እኔ ግን የሒሳብ መምህር መሆን እፈልጋለሁ። ይህን ስናገር ብዙ ሰዎች «በመምህር ደመወዝ ምን ትበላለህ?» ይሉኛል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በቂ መልስም የለኝም። ነገር ግን አንድ መምህር በዜሮዬ ላይ ስሜን እየጻፉ ሳያዋርዱኝ፤ የገሠጹትንም ልጅ «ይቅርታ አድርግልኝ» ሲሉት ካየሁ በኋላ፤ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ለማሰብ አልቻልሁም። አባቴ እስካሁን እሺ አላለኝም፤ ዝም ግን ብሏል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ጥቂት ቈይተን ለመልቀቂያ ፈተና እንቀመጣለን። ከእኛ መካከል የሚያልፉ አሉ፤ የሚወድቁም አሉ። እኔም ከየትኛው ወገን እንደምሆን አላውቅም። ለሚያልፉት፤ ማለፋችሁ ከሌላው ሰው በላይ እንደ ሆናችሁ ማስረጃ አይሁን። ለሚወድቁት፤ እግዚአብሔር ሰውን የሚመዝነው በውጤት ካርድ አይደለም። በራስ ሥራ የተገኘ 40 ከተሰረቀ 94 ይሻላል፤ ሁለቱንም ይዤ አይቻቸዋለሁና።

መምህራኖቻችን ሆይ፤ ጥፋቱን ራሱ የሚናገር ተማሪ ሲመጣባችሁ ቅጡት፤ ግን አታዋርዱት። ወላጆቻችን ሆይ፤ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ቀን እንኳ «እንዴት አመጣኸው?» ብላችሁ ጠይቁን። ይህ ጥያቄ ከብዙ ምክር ይበልጥ ይጠቅመናል።

እግዚአብሔር አምላካችን እሑድ የምንለብሰውን ነጭ ልብስ ሰኞ በሥራችን እንዳናሳድፈው ልቡና ይስጠን። አሜን።

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ