ዓሣውም ጎመኑም ከአንድ በርሜል

በቆቃ ከተማና በአካባቢዋ ለሚኖሩ እናቶች ዓሣ እንግዳ ነገር አይደለም። የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ የቆቃ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከግድቡ ጀርባ የተኛው ሐይቅ ቆሮሶውን፣ አምባዛውንና ዱባ የሚባለውን ዓሣ ለብዙ ቤተሰብ ሲመግብ ኖሯል። ይሁን እንጂ ሐይቅ አጠገብ መኖር ማለት ዘወትር ዓሣ መብላት ማለት አይደለም። የተያዘው ዓሣ ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይጫናል፤ በጾም ወራት ደግሞ ፈላጊው ይበዛል። ጎመንና ሰላጣም ቢሆን በበጋው ፀሐይ ያለ ብዙ ውሃ አይበቅልም።

ስለሆነም በዛሬው ዝግጅታችን ዓሣንና የጓሮ አትክልትን በአንድ ውሃ ስለማልማት፣ ባለሙያዎች ‹‹አኳፖኒክስ›› ስለሚሉት ዘዴ፣ ለጀማሪ በሚስማማ መልኩ እንነጋገራለን።

ነገሩ ሲሰሙት የሚከብድ ይመስላል እንጂ ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ዓሣው በበርሜል ውስጥ ይኖራል። ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻ አሞኒያ የሚባል መርዝ አለበት። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይቱ እንደ አሞኒያው ሁሉ ዓሣን ይጎዳል፤ ናይትሬቱ ግን ለአትክልት ምግብ ነው። ውሃው ከበርሜሉ ወጥቶ በጠጠር ላይ በተተከለው አትክልት ሥር ያልፋል፤ አትክልቱ ምግቡን ይወስዳል፤ የተጣራው ውሃ ወደ ዓሣው ይመለሳል። ያው ውሃ ስለሚዞር የሚጨመረው በትነት የጎደለውና አትክልቱ የጠጣው ብቻ ነው።

የቆቃ ሰው ይህን ነገር በትልቁ አይቶታል። እምቦጭ በአገራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 በዚሁ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። አረሙ የሚንሰራፋው ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ፣ ከከተማና ከፋብሪካ የወጣ ፍሳሽ በውሃው ውስጥ ስላለ ነው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያለብሰውም ይኸው ከመጠን ያለፈ ምግብ ነው። በሐይቁ ላይ ኃላፊ የሌለው የሚመስለው ሚዛን በጓሮ በርሜል ግን በእመቤቲቱ እጅ ነው።

ይህን የተማርኩት ከስህተቴ ነው። ቆቃ በነበርኩበት ጊዜ በርሜሉን በሞላሁ ማግስት 30 የዓሣ ጫጩቶች አስገባሁ። ቶሎ እንዲያድጉልኝ ብዬ በቀን አራት ጊዜ ፉርሽካ በተንኩላቸው። ሳምንቱ ሳይሞላ ውሃው ደፈረሰ፣ ሸተተም፤ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አድርገው ይተነፍሱ ጀመር። በአሥረኛው ቀን አንድም አልተረፈኝ። ባለቤታቸው ዓሣ አጥማጅ የነበሩ አንዲት ጎረቤቴ መጡና በርሜሉን ጎንበስ ብለው አዩ።

‹‹እማማ፣ ምን አጎደልኩባቸው?›› ብዬ ጠየቅኋቸው።

‹‹ምንም አላጎደልሽም ልጄ። እነዚህ ርቧቸው አልሞቱም፤ ጠግበው ነው የሞቱት። ሐይቁንስ ምን ያሳመመው ይመስልሻል?›› አሉኝ።

የእማማ ቃል የዚህ ሁሉ ሥራ ቁልፍ ነው። የተረፈው ፉርሽካ ይበሰብሳል፤ አሞኒያው ይበዛል፤ መርዙን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ግን ገና አልተራቡም ነበር። ስለዚህ ጀማሪ እመቤት የሚከተለውን ቅደም ተከተል ብትይዝ ከእኔ ኪሳራ ትድናለች።

አንደኛ፣ ዕቃው። 200 ሊትር የሚይዝ አንድ የፕላስቲክ በርሜል ለዓሣው ይበቃል። ሌላ አንድ በርሜል በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ የአትክልቱ መደብ ይሆናል። በርሜሎቹ ቀድሞ የምግብ ዘይት ወይም ሌላ የሚበላ ነገር የያዙ መሆን አለባቸው። የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል በርሜል የቱንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የዓሣው በርሜል ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ፀሐይ ያገኘው ውሃ አረንጓዴ ይለብሳልና። መደቡ ግን ፀሐይ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ጠጠሩ። የስምጥ ሸለቆ ሰው በዚህ የታደለ ነው። ብሎኬት ሠሪዎች ‹‹ፑሚስ›› የሚሉት ቀላል ድንጋይና ‹‹ሬድ አሽ›› የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀዳዳቸው ብዙ ስለሆነ ለባክቴሪያዎቹ ጥሩ ቤት ናቸው። ጠጠሩ ከአውራ ጣት ጥፍር ያልበለጠ ሆኖ፣ አቧራው እስኪወጣ ታጥቦ፣ በመደቡ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሞላል። ያልታወቀ ጠጠር ሲገኝ ጥቂት ኮምጣጤ ይፈስስበታል፤ አረፋ ካወጣ ኖራነት አለውና ይተዋል። ውሃው ከጠጠሩ ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲያልፍ ይደረጋል። የላዩ ደረቅ ከሆነ የወባ ትንኝ እንቁላል የምትጥልበት ቦታ አታገኝም፤ በቆቃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ውሃው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ሳይከደን ሁለት ቀን ይቆያል። የዝናብ ውሃ ከተገኘ የተሻለ ነው። ከሐይቁ የተቀዳ አረንጓዴ ውሃ ግን አይገባም፤ በውስጡ ያለው ረቂቅ አልጌ ሰውንም ከብትንም የሚጎዳ መርዝ ሊያወጣ ይችላል። ውሃውን የምታዞረው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ናት፤ በሰዓት ቢያንስ የበርሜሉን ያህል ውሃ ማዞር አለባት። የፓም፟ ሽቦ የተላጠ እንዳይሆንና ማያያዣው ውሃ የማይደርስበት ከፍታ ላይ እንዲሆን በባለሙያ ይታያል። በርሜሉም ልጅ ሊያነሣው በማይችል ክዳን ወይም ጠንካራ መረብ ይሸፈናል።

አራተኛ፣ ትዕግሥቱ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ውሃው መዞር ከጀመረ በኋላ በየቀኑ ቁንጥር የምታህል የዓሣ መኖ ብቻ እየተጨመረች፣ ያለ ዓሣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል። ያቺ ቁንጥር መኖ ስትበሰብስ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡትን አሞኒያ ትሰጣለች። የውሃ መመርመሪያ የሚገኝ ከሆነ አሞኒያውና ናይትራይቱ ወደ ዜሮ መውረዳቸው ይረጋገጣል። ባዶ በርሜል እያዞሩ መቀመጥ ለጎረቤት የሚያስቅ ሊመስል ይችላል፤ ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ የማይጣድ መሆኑን የምታውቅ እመቤት ግን ይህን ለመረዳት አይከብዳትም።

አምስተኛ፣ ዓሣው። ለጀማሪ ቆሮሶ ይመረጣል፤ ቻይ ነው፣ እንደ ቆቃ ያለ ሞቃት አየርም ይስማማዋል። በ200 ሊትር በርሜል 10 ጫጩቶች ይበቃሉ። ጫጩቶቹን ከሐይቅ በጠባብ መረብ መያዝ ሐይቁንም ያራቁታል፣ በሽታም ያመጣል፤ ስለዚህ በባቱ ወይም በሰበታ የሚገኙትን የዓሣ ምርምር ማዕከላት ወይም የአካባቢውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል። መኖው የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ተደባልቆ ሊዘጋጅ ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ዓሣው በሩብ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ የሚበላውን ያህል ብቻ ይሰጣል። የተረፈው ወዲያው ይወጣል።

ስድስተኛ፣ አትክልቱ። በመጀመሪያ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመንና በሶብላ ይተከላሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ብዙ ምግብ ስለሚፈልጉ ዓሣው እስኪያድግ ይቆያሉ። በመደቡ ላይ የተባይ መድኃኒት ፈጽሞ አይረጭም፤ ጎመኑን ያድን ይሆናል፣ ዓሣውን ግን ይገድላል። በአቅራቢያ የሽንኩርት ወይም የቲማቲም ማሳ ካለ በርጭት ቀን ሁሉም በሸራ ይሸፈናል። ትሉ በእጅ ይለቀማል።

መብራት ሲጠፋስ? ዓሣው ጥቂት ከሆነ ጭንቀቱም ጥቂት ነው። በጣሳ ከበርሜሉ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ማፍሰስ አየር ይሰጠዋል፤ በዚያን ዕለት መኖ አይሰጥም። መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ሰፈር ግን ይህ ዘዴ አይመከርም። እንዲህ ባለ ቦታ ሰፋ ያለ መሬት ያላት እናት በፍግ የዳበረ መደብ ብትቆፍር ወጪዋም ድካሟም ያንሳል።

ከዚህ ሁሉ ድካም የሚገኘው ምንድን ነው? እውነቱን መናገር ይገባል። አሥር ዓሣ ቤተሰብ አያስተዳድርም። ቆሮሶው ለድስት የሚበቃው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ለጥቂት ቀን ወጥ ወይም ጥብስ ይሆናል። ዋናው ትርፍ ቅጠሉ ነው። ሰላጣው ከተተከለ በአንድ ወር ከግማሽ ገደማ ይደርሳል፤ ቆስጣውና ጎመኑ ከሥር ከሥሩ እየተቀነጠሱ ለወራት ይበላሉ። የተባለውን በደንብ የለመደች እመቤት ሁለተኛውን ግማሽ በርሜል ጨምራ መደቧን ማስፋት ትችላለች። በነገሩ ጠልቆ መግባት ለሚፈልግ ደግሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ አነስተኛ አኳፖኒክስ ያሳተመው መመሪያ አለ።

እኔም በሁለተኛው ሙከራዬ አርባ ቀን ጠብቄ አሥር ብቻ አስገባሁ። ዘጠኙ አደጉ። የመጀመሪያውን ሁለት ዓሣና አንድ እቅፍ ቆስጣ ለእማማ ወሰድኩላቸው። ዓሣውን በእጃቸው መዝነው ሳቁና፣ ‹‹አሁን ገና ማስራብን አወቅሽበት›› አሉኝ።