የሣር ክዳን ብቻውን ደን አያድንም

ከከተማ ጫጫታ ሸሽቶ ደን ውስጥ ማደር ጥሩ ገበያ ሆኗል። ስፓ፣ ስቲምና ማሳጅ ያላቸው ሎጆች በየሐይቁ ዳርና በየተራራው ወገብ ይሠራሉ። ማስታወቂያቸው ይመሳሰላል፤ የሣር ክዳን፣ የእንጨት በረንዳ፣ ከበስተኋላ ጥቅጥቅ ያለ ደን። «ኢኮ» መባሉም አይቀርም። ከክዳኑ ሥር ያለውን ግን ማስታወቂያው አያሳይም። አንዳንዱ ጋ ከሣሩ በታች ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በታች ብሎኬት፣ ከብሎኬቱ በታች ደግሞ በኤክስካቫተር ተቆፍሮ አርማታ የተሞላ መሠረት አለ።

ጉዳቱ የሚጀምረው እዚያው መሬቱ ላይ ነው። አብዛኛው የዛፍ ሥር የተዘረጋው በላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ከባድ ማሽን ሲመላለስበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ውኃና አየር እንደ ልብ አይገባውም። ለእይታ ያምራል ተብሎ ሳይቆረጥ የተተወው ጽድ ወይም ዝግባ ከዓመታት በኋላ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። ባለሎጁ «ዛፍ አልቆረጥኩም» ቢል አልዋሸም፤ ዛፉ ግን ሞቷል። መንገዱም አለ። ሲሚንቶና ብረት ለማስገባት የተቀደደ መንገድ ግንድና ከሰል ለማውጣትም ያገለግላል። ሲሚንቶ ማምረት ብቻውን ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ወደ 8 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ አለው። ለዚህ ሁሉ የሣር ክዳን መፍትሔ አይሆንም።

ፈውስና ዕረፍት ፍለጋ ወደ ውኃና ወደ ደን መሄድ በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ፣ በ1879 ዓ.ም ነው። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ጸበልተኛው የሚያርፈው ቤተ ክርስቲያኑን በከበበው ደን አጠገብ ነው፤ ሕንፃው መሃል ላይ በጠባብ ቦታ ይቀመጣል፣ ዛፉ ዙሪያውን ይይዛል፣ እንግዳው በትንንሽ ጎጆ ያድራል። በዙሪያው ያለው መሬት ሁሉ ታርሶ እያለ አገር በቀል ዛፍ የተረፈው በእነዚህ ቅጥሮች ውስጥ ነው። የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከገበሬው ማሳ በተለቀመ ድንጋይ አንዳንዶቹን እንዲታጠሩ ያደረጉት ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይጨርሰው ነው። ለደን ማረፊያ ንድፍ ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። ሕንፃው ትንሽ ነው፤ ቦታው የደኑ ነው።

የአሠራሩንም ጥበብ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። በጨንቻ ደጋ የሚኖሩ ዶርዜዎች ቤታቸውን የሚሠሩት በተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው፤ ግድግዳውና ጣሪያው ሳይለይ ከታች እስከ ላይ እንደ ቅርጫት ይጠለፋል፤ ከላይ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልባስ ይሸፈናል። አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር የሚረዝም አለ። ምስጥ የታችኛውን ጫፍ ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፤ ቤቱ ትንሽ ያጥራል እንጂ አይፈርስም። በዚህ ዓይነት አሥርት ዓመታት ይኖራል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን አንሥቶ ይወስደዋል። በነበረበት የሚቀረው የተረገጠ አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ ሣር ይበቅልበታል። ደን ውስጥ መሥራት የሚፈልግ አርክቴክት አስቀድሞ ይህን ቤት ሊያጠና ይገባዋል።

ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ቀርከሃ በነቀዝ ቶሎ ያልቃል የሚለው ስጋት መሠረት አለው፤ ነቀዙን የሚስበው ውስጡ ያለው ስታርች ነው። ሦስት ዓመት ያለፈውን መርጦ በበጋ መቁረጥ፣ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ መንከር፣ በድንጋይ ላይ ከመሬት ከፍ ማድረግና ክዳኑን አስፍቶ ከዝናብ መከለል ዕድሜውን ያረዝመዋል። ለምሰሶ ደግሞ ተተክሎ ያደገ ባሕር ዛፍ ሞልቷል። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከላቸውን ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ለበረንዳ ጌጥ የሚያውል ማረፊያ ስለ ተፈጥሮ ማውራት አይገባውም።

ጭቃን የሚንቅ ካለ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ሄዶ በ2011 ዓ.ም የተከፈተውን ዞማ ሙዚየም ይይ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያሠሩት ግቢ ከጭቃና ከጭድ የተገነባ ነው፤ ግድግዳው ራሱ በእጅ የተቀረጸ ጥበብ ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ተቀብሎ መልሶ ይለቃል፤ ቀን ቀዝቀዝ፣ ሌሊት ሞቅ ያደርጋል። ለማረፍ የመጣ ሰው የሚሻው ክፍል ይኸው ነው።

የጤና ማረፊያ ግን ከግድግዳው ይልቅ በእሳቱና በውኃው መመዘን አለበት። ስቲም፣ ሳውና፣ ሙቅ ገንዳ፣ የወይባ ጢስ፣ ሁሉም ሙቀት፣ ብዙ ጊዜም እንጨት ይፈልጋሉ። ወንዶ ገነትን በሚያካትተው የደቡብ ማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ የተፈጥሮ ደን ሽፋን እ.ኤ.አ. በ1972 ከነበረበት 16 በመቶ በ2000 ወደ 2.8 በመቶ ወርዷል። እንዲህ ባለ አካባቢ ገላ ለማሞቅ ማገዶ መግዛት ደኑን እንግዳው ራሱ እንዲያነደው ማድረግ ነው። በፀሐይ ውኃ ማሞቅ ይቻላል፤ ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር ግን ፀሐይ ስለማይደርስ ማሞቂያው ቀድሞ በተገለጠ መስክ ላይ መቀመጥ አለበት። ባሌ ውስጥ በሐረና ደን፣ 2,380 ሜትር ከፍታ ላይ የተሠራው ባሌ ማውንቴን ሎጅ ሌላ መንገድ መርጧል፤ መብራቱን ያገኘው ከወንዝ ላይ ከተተከለ አነስተኛ የኃይል ማመንጫ ነው። ሐረና በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ እዚያ ጄኔሬተር ሌት ተቀን ማስጮህ ያሳፍር ነበር።

ውኃውም እንዲሁ ነው። በየቀኑ የሚታጠበው ፎጣና አንሶላ፣ ዘይቱና ሳሙናው የሆነ ቦታ ይፈስሳል። ከታች ያለው መንደር ከዚያው ምንጭ ይቀዳል። ፍሳሹን በጠጠርና በፊላ በተተከለ ረግረግ አሳልፎ ማጣራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቦታውን ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ማስገባት ነው።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ጥናት እንዲቀርብና ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ይላል። ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች የየሎጁን ጥናት በአካባቢው ነዋሪ ቋንቋ ይፋ ያድርጉ፤ ሰነዱም የማገዶውን ምንጭና የፍሳሹን መውረጃ በግልጽ ያሳይ። ቅዳሜና እሑድን ደን ውስጥ ለማሳለፍ ክፍል የሚይዝ አንባቢም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ስልክ ደውሎ እነዚህን ሁለት ነገሮች ይጠይቅ።