የቪታሚን ክኒን ምስክሩ ማን ነው?

«ሳይገድሉ ጎፈሬ፥ ሳያጣሩ ወሬ» የተባለው ተረት ለጤና ነገርም ይሠራል። አንድ ቪታሚን ለሰውነት ይጠቅማል ሲባል ሰምቶ፥ ማስረጃውን ሳይጠይቁ ክኒኑን ገዝቶ መዋጥ ከገንዘብ ሌላ ጤናንም ሊያሳጣ ይችላል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ቤታ ካሮቲን ነው። ይኸውም በካሮት፥ በዱባና በጎመን ውስጥ የሚገኝ፥ ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር ነው። አትክልት አዘውትረው የሚመገቡ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የሚያዙት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር መሆኑን ሊቃውንት ስለ ተመለከቱ፥ ቤታ ካሮቲን ካንሰርን ይከላከላል የሚል ተስፋ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን አትክልት የሚያዘወትር ሰው ብዙውን ጊዜ በሌላውም አኗኗሩ ጥንቁቅ ነው፤ በአትክልቱም ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ብቻ አይደለም። እንግዲህ ጠባቂው የትኛው እንደ ሆነ በማየት ብቻ እንዴት ይታወቃል?

ይህን ለመለየት በፊንላንድ አገር ትንባሆ የሚያጤሱ 29,133 ወንዶች በዕጣ ተከፈሉ። እኩሌቶቹ በየቀኑ 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን ሲወስዱ፥ የቀሩት ግን እርሱ የሌለበትን ወሰዱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ውጤቱ ሲገለጥ፥ ቤታ ካሮቲን ከወሰዱት መካከል በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት ይልቅ 18 ከመቶ በልጠው ተገኙ። በአሜሪካም አጫሾችና በሥራቸው አስቤስቶስ የነካቸው ሰዎች በሚገኙባቸው 18,314 ሰዎች ላይ፥ ቤታ ካሮቲንና ቪታሚን ኤ በአንድነት ሲፈተኑ ጉዳቱ 28 ከመቶ ደርሶ ስለ ታየ፥ ፈተናው በ1996 ከጊዜው በፊት ቆመ።

«ከምግብ የተገኘ ነገር ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። በጎመን ውስጥ ያለው በልክና ከሌላው ጋር ተዋሕዶ ነው፤ በክኒን የሚወሰደው ግን ብቻውንና በብዛት ነው። ስለዚህ የጎመን ምስጋና ለክኒኑ ምስክር አይሆንም።

ይህ ማለት ግን ቪታሚን ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ1991 በ7 አገሮች 1,817 ሴቶች የተካፈሉበት ፈተና፥ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ የሚወሰድ ፎሊክ አሲድ የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ጎድሎ እንዳይፈጠር በ72 ከመቶ ያህል እንደ ተከላከለ አሳይቷል። እነዚህም ሴቶች አስቀድሞ እንዲህ ያለ ፅንስ ያጋጠማቸው ነበሩ። አንዱን ያመሰገነና ሌላውን የነቀፈ ሚዛን አንድ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ክኒን ሲመሰገንልህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ በሰው ላይ ተፈትኗልን? የወሰዱትና ያልወሰዱት በዕጣ ተለይተው ተነጻጽረዋልን? የተቈጠረውስ በሽታና ሞት ነው ወይስ የደም ልክ ብቻ? በእኛ አስተያየት የማስረዳት ዕዳ የሻጩ እንጂ የገዢው አይደለም። መልስ ከሌለው ገንዘብህን ለጎመንና ለካሮት አውለው፤ ትንባሆም የምታጤስ ከሆንህ ሳንባህን የሚጠብቀው ክኒን ሳይሆን ትንባሆውን መተው ነው። ሐኪም ያዘዘውንና ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት የሚሰጠውን ግን በወሬ አታቋርጥ።