ፈረስ በማስታወቂያ ሲሸጥ

ፈረስ የሚሸጥ ሰው ፈረሱን ይዞ ገበያ መውጣት እንዳለበት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚጠራጠር አልነበረም። ዛሬ ግን ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጎረቤላ እንኳ ፈረሱ በጋጣው ድርቆሹን እየበላ፥ ማስታወቂያው ብቻውን አገር ለአገር ሲዞር እናያለን። አንዱ ወረቀት ጽፎ በግንብ ላይ ይለጥፋል፤ ሌላው ፎቶግራፍ አንሥቶ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላልፋል።

ለመሆኑ ይህን ማስታወቂያ የሚጽፈው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ተማሪ ነው። ከአንኮበር ወረዳ የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ «አንተ ተምረሃል፤ እስቲ አሳምረህ ጻፍልኝ» የሚል አባት ወይም አጎት ወይም ጎረቤት አይጠፋም። እንግዲህ ነገሩ የሻጭና የገዢ ብቻ ሳይሆን የብዕር ያዡም ጉዳይ ስለ ሆነ በዚህ መጽሔት ልናነሣው ወደድን።

በመጀመሪያ ማስታወቂያ ክፉ ነገር ነው አንልም። ፈረሱን ይዞ ገበያ የወጣ ገበሬ ዋጋ ካጣ ሥራ ፈትቶ የዋለበትን ቀን የሚመልስለት የለም። መሸ ብሎ ከተቻኰለ ደግሞ ደላላው የቈረጠለትን ተቀብሎ ይገባል። ማስታወቂያ ግን ከወረዳው ውጭ ያለውን ገዢ ይጠራለታል፤ ከቤቱ ተቀምጦ ዋጋ እንዲያማርጥም ያደርገዋል። ፈረስ መሸጥ ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። የሚሸጠው ለልጅ ትምህርት ወይም ለሕክምና ወይም ለዘር መግዣ ሲቸገር ነውና፥ አንድ መቶ ብርም ብትሆን የምትጨመርለት ዋጋ ትልቅ ነገር ናት።

የሆነ ሆኖ ገበያው የሚሠራውን ሥራ ማስታወቂያው ሁሉንም ሊሠራው አይችልም። በገበያ ገዢው የፈረሱን ጥርስ አይቶ ዕድሜውን ይገምታል፤ ኮርቻውን አስወርዶ ገጣባ እንዳለው ጀርባውን ይዳስሳል፤ ሰኮናውን አንሥቶ ይመለከታል፤ ከዚያም ወጥቶ ሶምሶማውንና ግልቢያውን ይፈትናል። «ፈረሱም ይኸው፥ ሜዳውም ይኸው» የተባለው በከንቱ አይደለም። ከዚህም በላይ «ይህ ፈረስ ዐምና ሰው የጣለው አይደለም ወይ?» የሚል ጎረቤት በአጠገቡ ቆሟል፤ ነገሩ ቢበላሽ የሚጠየቅ ዋስም አለ።

ከአንኮበር ቍልቍል ባለው በአልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በየዓርቡ በሚቆመው ገበያ ደገኛውና ቈለኛው፥ የሐረሩ ነጋዴና አፋሩ ይገናኙ ነበር። የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገበያዩም የሚገዙት ነገር ከፊታቸው ስለ ቆመ የገዛ ዓይናቸው ይመሰክርላቸው ነበር። በማስታወቂያ ግን ገዢው ከማያውቀው ሰው ያላየውን ነገር ይገዛል። በዚያ መካከል ምስክር ሆኖ የሚቆመው የጸሐፊው ቃል ብቻ ነው።

ታዲያ ያ ቃል ምን ይመስላል? «እጅግ ውብና ፈጣን ፈረስ በተመጣጣኝ ዋጋ ይሸጣል። ለማንኛውም ሥራ ይሆናል። ፈጥነው ይደውሉ።» እንዲህ ያለው ጽሑፍ ስለ ፈረሱ አንዳች ነገር አይነግረንም። «ለማንኛውም ሥራ» የሚለው ደግሞ አደጋ አለበት። በጎረቤላ ዳገት ጭነት የለመደ ፈረስ ጋሪ ለመደ ማለት አይደለም። ከኋላው የሚንኰሻኰሽ ነገር ሰምቶ የማያውቅ ፈረስ በማስታወቂያው ተታሎ የገዛው ባለ ጋሪ በደብረ ብርሃን ጎዳና ላይ በጭነት መኪና መካከል ቢጠምደው፥ የሚጐዳው ፈረሱ ብቻ አይደለም፤ ባለ ጋሪውና ተሳፋሪውም ናቸው።

በሽታም አለ። በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን እጅግ የሚያጠቃ፥ ቈዳን እያሳበጠና እያቈሰለ መግል የሚያወጣ በሽታ አለ። ይህ በሽታ በቍስል በኩል ስለሚገባ በዝንብና በጋራ በሚጠቀሙበት የፈረስ ዕቃ ወደ ሌላው ይተላለፋል። እንግዲህ በፎቶግራፍ ላይ የቆሰለውን ጐን ሸሽጎ ደኅናውን ያሳየ ሰው የገዢውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በጋጣው ያሉትን ሌሎች ፈረሶች ጭምር ያጠፋበታል።

«ጕድለቱን የጻፈ ሰው ፈረሱን ማን ይገዛዋል?» የሚሉን ይኖራሉ። መልሱን ከኢኮኖሚክስ ትምህርት እናገኘዋለን። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ነገር አስረድቷል፤ በ2001ም ከሁለት ሊቃውንት ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። አሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ ገዢ ደኅናውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የሚሰጠው ዋጋ ዝቅተኛ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ደኅና ዕቃ ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ነው። ስለዚህ የሁሉም ማስታወቂያ «እጅግ ውብና ፈጣን» ካለ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐዳው ደኅና ፈረስ ያለው ሐቀኛ ገበሬ ነው።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጕድለት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ጕድለቱን ዐውቆ በተንኰል የሸሸገ ሰው «ኀላፊ አልሆንም» የሚል ቃል በውሉ ቢያገባ እንኳ አያድነውም። ነገር ግን የሩቅ አገር ገዢ ለአንድ ፈረስ ሲል ፍርድ ቤት ሊመላለስ ስለማይችል፥ ከሕጉ በፊት ጸሐፊው ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ማስታወቂያ ጻፉ ስንባል እንዲህ ብንጽፍ ምን ይጐዳናል? «ዳማ ፈረስ፤ ዕድሜው ስምንት ዓመት። ኮርቻና ጭነት ለምዷል፤ ጋሪ አልሞከረም። ከጀርባው የዳነ ገጣባ አለ፤ ውሃ ሲሻገር ይደነብራል። ጎረቤላ መጥቶ ጋልቦ መፈተን ይቻላል፤ ዋስ አለ።» ከበታቹም የባለቤቱ ስም ይጻፍ። በቀድሞው ዘመን ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ሣህለ ሥላሴን አባ ዲና፥ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኘው ይኸው ልማድ ነው። በስልክ ቍጥር ብቻ ተሸሽጎ ፈረስ መሸጥ ከዚህ ልማድ ጋራ አይስማማም።

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ገዢ ምናልባት ዋጋ ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን መንገድ ተጕዞ ከመጣ በኋላ ተታለልሁ ብሎ አይመለስም። ጋሪ የሚሻው ባለ ጋሪም ጊዜውን አያጠፋም። ገበሬውም በሚመጣው ዓመት ውርንጭላውን ሲሸጥ የሚያምነው ሰው ያገኛል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ የዕረፍት ጊዜ በደረሰ ቍጥር «አሳምረህ ጻፍልኝ» መባላችን አይቀርም። ያን ጊዜ ብዕር ወይም ስልክ ከማንሣታችን በፊት ተነሥተን ወደ ጋጣው እንሂድ፤ ኮርቻውን እናስወርድ፤ ጀርባውን እንዳስስ፤ ጕድለቱንም አባትን ወይም አጎትን በአክብሮት እንጠይቅ። ያየነውን ብቻ እንጻፍ፤ «ይህን አትጻፍ» ብንባልም ምክንያቱን በትሕትና እናስረዳ። ላላየነው ፈረስ ግን ማስታወቂያ አንጻፍ እንላለን።