ጥቂት ቃል ስለ ባሌስትራ

ቤተ ሰቡን ይዞ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ስለ ስንቁና ስለ ውሃው ይጨነቃል እንጂ፣ መኪናውን ስለሚሸከመው ብረት እምብዛም አያስብም። ይህም ብረት ባሌስትራ ይባላል። ቃሉን ከኢጣልያንኛ የወሰድነው ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ የቀስት ዓይነት የጦር መሣሪያ ስም ነው። በእርግጥም ባሌስትራ እንደ ደጋን ቆልመም ብሎ፣ ረጅምና አጭር የብረት ቅጠሎች ተደራርበው በመሀላቸው በአንድ ብሎን የታሠሩበት ነው።

አፄ ዮሐንስ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከወደቁበት ከመተማ ድንበሩን ተሻግረን በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ ስንሄድ፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበትን ሰፊ ጥቁር ዋልካ እናገኛለን። ይህ አፈር በክረምት ጎማ ይዞ ያስቀራል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ዋናው ጎዳና አስፋልት ቢለብስም፣ ወደ እርሻው የሚያስገባው መንገድ ባሌስትራን ክፉኛ ይፈትናል።

በሱዳን ጦርነት በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ከመነሣቱ አስቀድሞ፣ ለሥራ ጉዳይ ገዳሪፍ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ወዳጄ የአሮጌ ላንድ ሮቨሩን የኋላ ባሌስትራ ሲያስለውጥ አብሬው ነበርኩ። ላንድ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ መኪና ነው፤ ቀደምት ሞዴሎቹም በፊትም በኋላም በባሌስትራ ላይ የቆሙ ናቸው። ወዳጄ ከጥቂት ወራት በፊት በሌላ ሰው እጅ አስለውጦ ነበር፤ ነገር ግን መኪናው ወደ ጎን እየሳበ፣ ባለቤቱንና ልጆቹን እንደ ያዘ ከድልድይ አፋፍ ሊወድቅ ለጥቂት ተርፏል።

በዚህ ጊዜ ሥራውን የያዙት፣ የአገሩ ሰው «ኡስታ» እያለ የሚጠራቸው፣ ከጎንደር ወገን የመጡ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። በመጀመሪያ የፊቱን ጎማ በድንጋይ አስደገፉ። ከዚያም መኪናውን በክሪክ አንሥተው፣ ሻንሲውን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳረፉት፤ በክሪክ ብቻ ከተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት ነፍስን በከንቱ መስጠት ነውና። አክስሉንም በሌላ ክሪክ ደግፈው አሮጌውን ባሌስትራ አወረዱ። አንዱ ወገን ብቻ ቢለወጥ መኪናው ስለሚያዘነብል፣ ሁለቱንም ለወጡ።

የባሌስትራው የፊት ጫፍ ከሻንሲው ጋር በቋሚነት ይያዛል፤ የኋላው ጫፍ ግን በሚወዛወዝ ማያያዣ ላይ ይሰቀላል፤ ምክንያቱም ባሌስትራ ሸክም ሲያርፍበት እየተዘረጋ ይረዝማል። ሽማግሌው የመሀሉ ብሎን ራስ በአክስሉ ላይ ከተበጀለት ቀዳዳ በትክክል መግባቱን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ካልገባ አክስሉ ይጣመማል፣ መኪናውም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያቅፉትን ብሎኖች ዳዶዎች ደግሞ በመስቀልኛ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቁ።

በጫፎቹ ያሉትን ብሎኖች ግን ላላ አድርገው ተዉአቸው። ወዳጄ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ጋሼ፣ ይጨርሱልን እንጂ፤ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው» አላቸው።

እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ የምዘገየው የሚጠብቁህ ልጆችህ ስለ ሆኑ ነው» ሲሉ መለሱ።

መኪናውን በጎማው ላይ አቁመው፣ ወዘወዝ ካደረጉት በኋላ ብቻ የቀሩትን ብሎኖች አጠበቁ። ምክንያቱም በጫፎቹ ውስጥ ያለው ጎማ መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጨበጠ፣ ክብደቱ ሲያርፍበት ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሳይቆይም ይቀደዳል። የቀድሞው ጥፋት ይኸው ነበር። ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላም ዳዶዎቹ ሁሉ እንደ ገና እንዲጠብቁ አዘዙ።

አሮጌውን ባሌስትራ አልጣሉትም፤ ለቀጥቃጭ ሰጡት። እንዲህ ያለው ብረት በእኛም በእነርሱም አገር ማጭድና ቢላዋ ይሆናል።

የመንግሥት መኪና በአደራ የያዛችሁ ሁሉ፤ መካኒኩ ሲዘገይ ከመቆጣታችሁ በፊት ለምን እንደ ዘገየ ጠይቁት። ምክንያቱን አስረድቶ የሚዘገይ ሠራተኛ ሊመሰገን ይገባዋል።