ስብሰባ ቢቀር ምክር አይቅር

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ በሀገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ በወሩ መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ስብሰባ መከልከሉ ይታወሳል። ክልከላው አሶሳ አካባቢ ላለው አርሶ አደር የደረሰው ማሳውን አለስልሶ ዝናብ በሚጠባበቅበት ወቅት ነበር። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከልም ሆነ የማሳ ጉብኝት የሰዎችን መሰባሰብ የሚጠይቁ ናቸው።

የዘገየ ምክር የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ ምሳሌ እናሳይ። በ2009 ዓ.ም. ወደ ሀገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ትሉ ገና ትንሽ ሳለ በእጅ ተለቅሞ ሊጠፋ ይችላል። ካደገ በኋላ ግን በተጠቀለለው የበቆሎ ቅጠል ውስጥ ስለሚደበቅ መድኃኒት እንኳ በቀላሉ አይደርስበትም። ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ የሚመጣ ምክር እንግዲህ ከጸጸት በቀር የሚያተርፈው የለም።

በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት የተጀመረው 8028 የስልክ መስመር በተራ ስልክ፣ ያለ ክፍያ ምክር የሚያሰማ በመሆኑ የሚመሰገን ነው። ሆኖም የስልክ አገልግሎት በሁለት መሰናክሎች ይፈተናል።

አንደኛው ተፈጥሮአዊ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የእጅ ስልክ የሞገድ ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ኮረብታ ሲጋርደው ከበስተኋላው ጥላ ይፈጠራል። የ1 ሜጋኸርዝ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ግን 300 ሜትር የሞገድ ርዝመት ስላለው የመሬቱን ገጽ ተከትሎ ይጓዛል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። መስመሩ ሲጀመር የሚናገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ግን የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦችም ምድር ነው። የሞገድን ጥንካሬ በመሣሪያ መለካት እንችላለን፤ አድማጩ መረዳቱን የሚለካ መሣሪያ ግን የለንም።

ስለዚህ ምክሩን ሬዲዮ፣ ጥያቄውን ስልክ ይሸከም እንላለን። የየአካባቢው የልማት ሠራተኛ በሕዝቡ ቋንቋ፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት ይናገር፤ አርሶ አደሩ ደውሎ የጠየቀው በሚቀጥለው ሳምንት ይመለስ። እኛ የፊዚክስ መምህራንም ከተማሪዎቻችን ጋር ወጥተን፣ በገነተ ማርያምም ሆነ በሌላው መንደር የትኛው ጣቢያ እንደሚሰማ መለካት እንችላለን።

ሥራው መጀመር ያለበት ዛሬ፣ መሰብሰብ በሚቻልበት ጊዜ ነው። ስብሰባን የሚያስቀረው ወረርሽኝ ብቻ እንዳልሆነ በመተከልና በካማሺ ከታየው የጸጥታ መደፍረስ ተምረናል። አርሶ አደሩም በክፉ ቀን የሚያምነው በደጉ ቀን የለመደውን ድምፅ ነው።