የገበሬው ደብተር የት ይቀመጥ?

የትልልቅ ሰዎቻችን ወረቀት ቢዘገይም አንድ ቀን ማተሚያ ቤት መድረሱ አይቀርም። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው አልፈዋል፤ ካረፉ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመላቸው። ከጣልያን ወረራ በፊት ጎጃምን ያስተዳደሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጻፉት «ካየሁት ከማስታውሰው»ም ለአንባቢ የደረሰው እሳቸው ካለፉ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያሳደጋቸው ሠዓሊውና ታሪክ ጸሐፊው አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ስለ ጎጃም የጻፉት ታሪክ ለአሥርት ዓመታት በእጅ ጽሑፍ ኖሮ በ2000ዎቹ መጀመሪያ መጽሐፍ ሆነ። እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ አለማየሁ ደግሞ የጦርነቱንና የጣልያን ግዞቱን ነገር በ1985 ዓ.ም. «ትዝታ» ብለው በቁማቸው አሳትመውልናል።

ስለዚህ ስለ ትልልቆቹ እምብዛም አልሰጋም። ልጆችና የልጅ ልጆች አሏቸው፣ አጥኚ ይፈልጋቸዋል፣ ወረቀታቸውም ዋጋ እንዳለው ሰው ሁሉ ያውቃል። እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ወረቀት ነው። በጎጃም፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ በሮብ ገበያ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የሲናን ወረዳ ቀበሌዎች፣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠው የገበሬው ደብተር።

ይህ ደብተር ለምን ከሌላው እንደሚለይ ላስረዳ። በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጽሕፈት የቤተ ክህነትና የቤተ መንግሥት ሥራ ነበር። ገበሬ ጉዳይ ሲኖረው ወደ ደብተራ ወይም ወደ ማመልከቻ ጸሐፊ ይሄዳል፤ እሱ ይናገራል፣ ሌላው ይጽፋል፤ የጸሐፊው ቃል ከባለጉዳዩ ቃል ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። የርስት ክርክር፣ ስጦታና ሽያጭ ሲኖርም በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ይሰፍር ነበር። በጎጃም ገዳማትና አድባራት ካሉት ብራናዎች ስንቱ ከቅዱሱ ቃል ጎን የመሬትና የውርስ ጉዳይ ይዟል! ግን ያም የካህኑ እጅ ነው።

ይህ ነገር በስፋት የተለወጠው በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከታወጀ ወዲህ ነው። ስለ ደርግ ዘመን ብዙ መራራ ነገር መናገር ይቻላል፤ እኔም ከዚህ በታች እናገራለሁ። ዘመቻው ግን እርፍ የጨበጠ እጅ እርሳስ እንዲጨብጥ አድርጓል፤ ዩኔስኮም በማግሥቱ ሸልሞታል። ቀን ሲያርስ የዋለ አባወራና ልጅ ያዘለች እናት ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጥረዋል። ከነዚያ ሰዎች መካከል ጥቂቶቹ የምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለው አላቆሙም፤ ጻፉ። በራሳቸው እጅ፣ በራሳቸው አነጋገር የራሳቸውን ኑሮ ጻፉ። በዘር ሐረጋቸው እነሱን የቀደመ ጸሐፊ የለም። ያኔ የ30 እና የ40 ዓመት ሰው የነበረው ዛሬ 75 እና 85 አልፎታል። ጊዜው የቀረው ጥቂት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ላይ የሚኖሩ አንድ አባት ደብተራቸውን አሳይተውኛል። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እሳቸውም አልፈቀዱም። ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለበት የተማሪ ደብተር ነው። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ጭስ ስለጠገበ ገጹ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ፊደሉ ትልልቅና ቀጥ ያለ ነው፣ «ሀ» እና «ሐ»ን አይለይም፣ ሁለት ነጥቡን ግን አንድ ቦታ አልዘነጋም። የጻፉት ቀን በገባ ቁጥር አይደለም፤ ነገር ሲኖር ነው። ውርጭ ሲወርድና የላይኛው ማሳ ገብስ ሲመታ ጽፈዋል። ቁና ገብስ ለማን እንዳበደሩና መቼ እንደተመለሰ ጽፈዋል። ጊደር ስንት እንደተሸጠች፣ በዕድር ማን መዋጮ እንዳጎደለ፣ የትኛው ልጅ በየትኛው ታቦት ማግሥት ክርስትና እንደተነሣ አለ። አንድ ገጽ ላይ ከዚህ ሁሉ ተለይቶ፣ ብቻውን፣ የአንዲት ሴት ልጅ ስምና የሞተችበት ቀን ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ሁለት ገጽ ባዶ ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

«አባባ፣ ይኸንን ለማን ብለው ጻፉት?» ስላቸው፣ «እንዳይጠፋኝ ነዋ፤ ደግሞ ልጆቹ ያዩታል ብዬ» አሉኝ። ልጆቻቸው ከተማ ናቸው። አይተውት አያውቁም።

እንዲህ ያለው ደብተር ለሌላው ሰው ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በዌልስ፣ አንግልሲ በምትባል ደሴት፣ ዊልያም በልክሊ የሚባል ባለርስት እ.ኤ.አ. ከ1734 ጀምሮ እስከ 1760 ድረስ፣ መካከል ላይ ጥቂት ዓመታት ቢጎድሉም፣ የዕለት ማስታወሻ ይይዝ ነበር። የየቀኑን ጽሑፍ የሚጀምረው ነፋሱ ከየት እንደነፈሰና ሰማዩ እንዴት እንደዋለ በመናገር ነው፤ ከዚያ ወደ ገበያ ዋጋ፣ ወደ አዝመራ፣ ወደ ጎረቤት ክርክር ያልፋል። ለራሱ የጻፈው ይህ ደብተር ዛሬ በባንጎር ዩኒቨርሲቲ መዛግብት ይገኛል፤ የአየር ጠባይ አጥኚዎችም የዚያን ዘመን ዝናብና ነፋስ ከሱ ይለቅማሉ። እኛ ጮቄን የውኃ ማማ እያልን እንጠራለን፤ ስለ ተራራው የአየር ለውጥ በየስብሰባው እንነጋገራለን። ታዲያ ከ40 ዓመት በፊት ውርጭ በየትኛው ወር በየትኛው ማሳ ላይ እንደወረደ የሚናገር ደብተር ከሮብ ገበያ ብዙም ሳይርቅ በአይጥ እየተበላ ነው።

ከዚያው ከዌልስ ሌላም ሰው አለ፤ ጋዜጠኛው ጋሬት ጆንስ። እ.ኤ.አ. በ1933 ዩክሬን ገጠር በእግሩ ገብቶ ሰዎች በረኀብ ሲያልቁ ያየውን በትንንሽ የኪስ ደብተሮች ጻፈ። ሲመለስ ተናገረ፤ ስመ ጥር ጋዜጠኞች ሳይቀሩ አስተባበሉት። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሩቅ ምሥራቅ ላይ ተገደለ። ደብተሮቹ ግን በቤተሰቡ ቤት ቆዩ፤ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ተገኝተው ዛሬ አበሪስትዊዝ ባለው የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። የተናገረው እውነት መሆኑን ማንም ገልጦ ያያል። እኛም ከረኀብ ጋር ያለን ትውውቅ የሰው ወሬ አይደለም። ስለ 1966ቱና ስለ 1977ቱ ረኀብ ስንጽፍ ግን የምንጠቅሰው የውጭ ጋዜጠኛን ፊልምና የመንግሥትን ሪፖርት ነው። ከተራቡት መካከል የጻፈ ሰው ይኖር ይሆን ብለን የሣጥን ክዳን ከፍተን አላየንም።

እዚህ ላይ ግን መቅረት የሌለበት ነገር አለ። የጎጃም ገበሬ ወረቀቱን የደበቀው ባለማወቅ አይደለም። ወረቀት ጎድቶታል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ሕዝብ ያመፀው የገንዘቡ መጠን አስጨንቆት ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ተለክቶ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ርስቱ ይነጠቃል ብሎ ፈርቶ ነው። መንግሥት የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደርሶ በመጨረሻ አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አንሥቶ ነገሩን አበረደ። ከዚያ ደግሞ ደርግ መጣ፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና ማስታወሻ በቤት ውስጥ መገኘት ሞት ያመጣ ስለነበር ስንቱ ቤት ወረቀቱን በምድጃው አነደደ! በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግም «ቢሮክራሲ» ተብሎ መሬቱ የተቀነሰበት ሰው የቀድሞ የሹመት ወረቀቱ ምን እንዳመጣበት ያውቃል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው አንድ የመንግሥት ሠራተኛ መጥቶ «ያለዎትን ወረቀት ያምጡ» ቢለው ሣጥኑን ወደ ጓዳ ቢገፋው ልክ ነው። እኔም ብሆን እገፋዋለሁ።

ስለዚህ የምለው ወረቀቱ ይሰብሰብና አዲስ አበባ ይሂድ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ አለ፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ብዙ መዛግብት ይዟል። ሁለቱም አክብሮት ይገባቸዋል። ነገር ግን ለሮብ ገበያ ቅርብ የሆነው ደብረ ማርቆስ እንኳ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለሮብ ገበያ ሰው ደብተሩ እዚያ ደረሰ ማለት ጠፋ ማለት ነው።

የተሻለ መንገድ በራሳችን ሰዎች ተሠርቶበታል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የቤተ ክርስቲያናችን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት ከአሜሪካው የሚኔሶታ የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር ተስማምቶ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመረ። መጽሐፉ ይመጣል፣ ይነሣል፣ ለባለቤቱ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ለዚያ ካታሎግ ሰጥተዋል። በኋላ በጦርነትና በዝርፊያ መጽሐፉ የጠፋበት ደብር ቢኖር እንኳ ቃሉ በፊልሙ ላይ ይገኛል። ያኔ ከባድ መሣሪያና ብዙ ገንዘብ የጠየቀውን ሥራ ዛሬ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በስልኩ ይሠራዋል። ደብተሩ ከባለቤቱ ቤት ሳይወጣ፣ ደጃፍ ላይ፣ ባለቤቱ ባሉበት ገጽ በገጽ ይነሣል። ቅጂው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ይቀመጣል፤ አንድ ቅጂም ለልጆቻቸው ይላካል። የማይጽፉ እናቶች ደግሞ ይናገሩ፣ ድምፃቸው ይቀዳ። መንግሥቱ ለማ የአባቱን የአለቃ ለማን ትዝታ በቴፕ ቀድቶ ባያስቀርልን ኖሮ ያ ሁሉ ጨዋታ ከሽማግሌው ጋር ተቀብሮ ነበር።

ይህን ሳስብ አንድ ሮብ ገበያ መካከል ያየሁት ይመጣብኛል። ቆሎ ከምትሸጥ ሴት ገዛሁ፤ እንደ ደንቡ ወረቀት ጠቅልላ ሾጣጣ አድርጋ ሰጠችኝ። ቆሎው ካለቀ በኋላ ወረቀቱን ስዘረጋው ደብዳቤ ነው። ላይኛው ግማሽ ተቀዷል። «ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ» የሚለው ሰላምታ ተቆርጦ ከመካከል ይጀምራል፤ የሚጽፈው ወታደር ነው፣ ካለበት ሆኖ በሬው ዳነ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ለእናቱ ነጠላ መግዣ የሚሆን ገንዘብ በሰው እጅ መላኩን ይናገራል፤ ገንዘቡ ደርሶ እንደሆነም መልሱን ቶሎ ጻፉልኝ ይላል። «እትዬ፣ ይኸን ወረቀት ከየት አገኙት?» አልኋት። ከሱቅ በኪሎ መግዛቷን ነገረችኝ። እሷን አልወቅሳትም፤ ሣጥኑን አጽድቶ የሸጠውንም ልጅ አልወቅስም። ለዚህ ነገር የሚሆን ቦታ ያሳየው ሰው የለም።

በክልላችን በአማራ ያለው ግጭት ደግሞ ነገሩን አብሶታል። ሰው ሲሸሽ ልጁንና ከብቱን ይዞ ነው የሚወጣው፤ ማን ሣጥን ይሸከማል?

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። በነዚህ ደብተሮች ውስጥ የሌላ ሰው ገመና አለ። ማን ከማን ሚስት ጋር እንደተጣላ፣ ማን የማንን ድንበር እንደገፋ፣ በደም ማን እንደተጠረጠረ ተጽፏል፤ የተጠቀሱት ሰዎችም ሆኑ ልጆቻቸው ዛሬም አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ዛሬ ተነሥቶ ነገ ለሁሉ ቢከፈት ቂም ይቀሰቅሳል። ለዚህ መልሱ በሌሎች አገሮች ቤተ መዛግብት የተለመደው ነው፦ ባለቤቱ ራሱ የትኛው ገጽ ለስንት ዓመት ተዘግቶ እንዲቆይ በፊርማው ይወስናል፤ ያም ውል እንደ ሕግ ይከበራል። ደብተራቸው ላይ ሁለት ባዶ ገጽ የተዉትን አባት ስለዚህ ጠይቄያቸዋለሁ። የብድሩንና የውርጩን ነገር ማንም ይየው አሉ። የዕድሩ ክርክር ያለበት ገጽ ግን የተጠቀሱት ሁሉ እስኪያልፉ ድረስ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። ስለ ልጅቱ ገጽ ወንድሞቿን ጠይቄ እነግርሃለሁ ብለውኛል።